አራተኛው ብርጭቆ

ጥር 7 ቀን 2001
ከሁሉ በፊት ይህ ይጻፍ። ባሮክ ልጄን ቤቴልን ሊያገባ ጠይቋል። ፈጠነች የምትባለው እናቱ ሻንቶ ገበያ ድስት የምትሸጥ ሸክላ ሠሪ ናት። እኛ ከሸክላ ሠሪ ጋር አንጋባም፤ የምንጠጣበትን ዕቃም አንጋራም። የትም አልተጻፈም፣ ግን ሁሉም ያውቀዋል። በቤተ ክርስቲያን አንድ አግዳሚ ላይ እንቀመጣለን... ያ ሌላ ነው። መልሱን የምሰጠው እኔ ነኝ።

ነገ ከሶዶ ወደ አባያ ሐይቅ ዳር እንወርዳለን። ባለቤቴ ጥሩነሽ፣ ቤቴል፣ እኔና እሱ። ማረፊያችን የወንድሜ ቤት። ወፍ ለማየት ነው ተብሏል። ባሮክን ወፍ ያስተማርኩት እኔው ነኝ፣ ዘጠነኛ ክፍል ሳለ። እንደሱ ያለ ተማሪ አልገጠመኝም።

ዕቃ ሸክፌ ጨረስኩ። ባይኖኩላር፣ ሻይ ቅጠል፣ ስኳር፣ አራት ብርጭቆ በጋዜጣ ተጠቅልሎ።

ጥር 8
ደረስን። ሙቀቱ ከባድ። ውሃው እንደ ሁልጊዜው ቀይ ቡናማ። ከሰዓት በኋላ በዳርቻው ሄድን፣ አዞ ስላለ ራቅ ብለን። አባ ኮዳ የሚባለው መላጣ ወፍ ዓሣ አጥማጆቹ በጣሉት አንጀት ሲሻማ አየን።

"አባባ፣ መላጣው አንተን ይመስላል" አለች ቤቴል።

ባሮክ ሳቁን ዋጠ።

"ሳቅ፣ ዛሬ ፈተና የለም" አልኩት። ሳቀ።

ደስ ብሎኝ ነበር። ለምን አልጽፈውም?

ጥር 9
የጠዋት ሻይ ከደጅ። ጥሩነሽ ለሦስታችን በብርጭቆ ቀዳች። ለባሮክ ግን በፕላስቲክ ኩባያ፣ ተጠጥቶ በሚጣለው።

"ብርጭቆ አነሰ ልጄ፣ ይቅርታ" አለችው።

አራቱን የጠቀለልኩት እኔ ነኝ። አራተኛው ከስኳሩ አጠገብ፣ ጋዜጣው ውስጥ ነበር። ጫፉ ይታያል። ምንም አላልኩም።

ባሮክ ጠጣ። ኩባያውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። "እዚህ ብጥለው ወፎቹ ይውጡታል" አለ።

ቤቴል ሻይዋን አሸዋው ላይ ደፋች። "እማዬ፣ ለእኔም በኩባያ።"

"የለም። አንድ ብቻ ነበር።"

አንድ ብቻ... ከሶዶ ይዛው ወርዳለች ማለት ነው። ለእሱ።

ጥር 10
ሲነጋ እኔና ባሮክ ብቻ ወጣን። ፔሊካኖቹ ተሰልፈው ዓሣውን ወደ ዳር ይነዳሉ። ጥቁሮቹ ጠላቂ ወፎች ከመካከላቸው ይሰምጣሉ። ባሮክ አይቶ ባይኖኩላሩን አቀበለኝ።

"ይታይዎታል ቲቸር? ሁለት ዓይነት ናቸው፣ ማዕዱ ግን አንድ።"

"አየሁ። አብረው ይበላሉ። አይጋቡም።"

ባይኖኩላሩን ከዓይኔ አላወረድኩም። ፊቱን ላለማየት...

ባሮክ፦ "ሰው ሁሉ አንድ ዝርያ ነው ብለው ሰሌዳ ላይ ጽፈው ነበር። ደብተሬ ላይ ገልብጫለሁ።"

"ለፈተናው ነው።"

"የቤታችሁ ወጥ የሚሠራው እኮ በእናቴ ድስት ነው።"

"ድስቷ ጥሩ ነው። የጠየቅከኝ ግን ድስት አይደለም። መልሴ አይሆንም ነው።"

ቀስ ብዬ፣ ቃል በቃል ተናገርኩ፣ ክፍል ውስጥ እንደለመድኩት። ያልገባው ነገር እንዳይኖር።

ጥር 11
የቤቴል አልጋ ባዶ። ከባሮክ ጋር ዓሣ በሚጭነው መኪና ሄዳለች። "ትመለሳለች" አለች ጥሩነሽ። ብርጭቆዎቹን አጥቤ ሸከፍኩ። አራተኛውን ማጠብ አላስፈለገም።

የካቲት 15
አረካ ከተማ ተጋቡ አሉ። አልተጠራንም።

ሚያዝያ 17
ሻንቶ ገበያ። የጥሩነሽ ድስት ተሰንጥቋል። ከሌላ ሰው እንግዛ አልኳት። እንዳልሰማች ሆና በቀጥታ ወደ ፈጠነች ሄደች።

ፈጠነች ተነሥታ ሰላም አለችን፣ እንደ ድሮው ራቅ ብላ። ከኋላዋ አንድ ድስት አወጣች። አፉ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ።

"ይሄ የልጃችሁ እጅ ነው። እሁድ እሁድ እየመጣች ጭቃ ትረግጥልኛለች። ተይ ብላት እምቢ አለች። ትወስዱታላችሁ?"

እንደ ልማዴ በጣቴ አንኳኳሁት። ስንጥቅ የለውም።

"ጠማማ ነው" አልኩ።

"መጀመሪያዋ ነው ቲቸር። ባሮክ እኮ ስለ እርስዎ 'ለጀማሪ ትዕግሥተኛ ናቸው' ይል ነበር።"

ጥሩነሽ ድስቱን በነጠላዋ ጠቀለለችው። እስከ ሶዶ ራሷ ተሸከመችው።

ሚያዝያ 19
ጥሩነሽ በአዲሱ ድስት ጎመን ሠራች። ለመብላት እጄን ስዘረጋ ወደ ራሷ ሳበችው።

"ያንተ በብረት ድስቱ አለልህ፣ የቤቴል አባት። ዕቃ አንጋራም አላልክም?"

"ኩባያውን ይዘሽ የወረድሽው አንቺ ነሽ።"

"እኔ ነኝ። ብርጭቆውን እያየህ ዝም ያልከው ደግሞ አንተ።"

ብቻዬን በላሁ። በእርሷ በኩል ያለው ድስት እስኪያልቅ ድረስ ቀና አላለችም።

ቤቴል፣ ይህን ገጽ ቀድጄ እልክልሻለሁ። የምጨምረው ማብራሪያ የለኝም። አራተኛው ብርጭቆ ዛሬም ጋዜጣው ውስጥ ነው። አረካ ብመጣ፣ ባሮክ ባለበት፣ በምን ታጠጪኛለሽ? ቶሎ መልሺልኝ።