ስለ አሥራ አራት ቁጥር አውቶቡስ፤ ለክቡር እንደራሴያችን

ለክቡር ብራንት ሆሎዌል
በዋሽንግተን ምክር ቤት የወረዳችን እንደራሴ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም ለክብርት ባለቤትዎም ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ እንደማይጎድልባችሁም አልጠራጠርም፤ የምክር ቤት አባላት የጤና መድን ጠንካራ ነው ሲባል ሰምቻለሁና። ኦርቪል ታኬት እባላለሁ። በኬንታኪ ክፍለ ግዛት የዴንት ክሪክ ነዋሪ፣ ሠላሳ ዓመት በከሰል ማዕድን ውስጥ በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት ያገለገልኩ የሰባ አንድ ዓመት ጡረተኛ ነኝ። ያስታውሱኝ እንደሆነ፣ ባለፈው ሚያዝያ በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ባደረጉት የሕዝብ ስብሰባ ላይ «በአውቶቡስ ተጭና የመጣች ናት!» ብዬ የጮህኩት ሰውዬ እኔ ነኝ። ፈርመው የላኩልኝ ፎቶግራፍዎ ደርሶኛል። ፈገግታዎ ያማረ ነው።

ለዋሉልን ውለታ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፦ ስለ አዲሱ የጤና ሕግ ለሰጡን ማብራሪያ አመሰግናለሁ። አርባ ደቂቃ ሙሉ ሲናገሩ ሕጉ ምን እንደሚል አንዲት ቃል ሳይወጣዎ፣ እንዴት ልንፈራው እንደሚገባ ግን በሚገባ አስጨብጠውናል። እኔ ራሴ «መንግሥት ከሐኪሜ ላይ እጁን ያንሳ» የሚል ሰሌዳ ይዤ ከፊት ቆሜ ነበር፤ የቆምኩትም መንግሥት ከፍሎ ባስቀየረልኝ ዳሌ ነው። ዳሌው እስካሁን ደህና ነው።

ሁለተኛ፦ ከማለዳ እስከ ማታ ስለምናየው የቴሌቪዥን ጣቢያ። ባለቤቱ እርስዎ እንዳልሆኑ አውቃለሁ፤ እዚያ ከመታየትዎ ብዛት ግን ቤተኛ ይመስሉኛል። ከስብሰባው በፊት ሳምንት ሙሉ «ተቃዋሚዎች ከሌላ ክፍለ ግዛት በአውቶቡስ እየተጫኑ ሊመጡ ነው» ሲሉን ሰነበቱ፤ እርስዎም መድረኩ ላይ ወጥተው ደገሙልን። በዚያ ቀን ደግሞ ከአዳራሹ ደጅ አንድ ቢጫ አውቶቡስ ቆሞ ነበር።

ሦስተኛ፦ እዚህ ላይ እርስዎን ለመውቀስ ተዘጋጅቼ ነበር፤ እጄ ግን እምቢ አለኝ። ያንን አውቶቡስ እኔ አውቀው ነበር። አሥራ አራት ቁጥር የተማሪዎች አውቶቡስ ነው፤ የልጅ ልጄ ስድስት ዓመት ተመላልሳበታለች። ሹፌሯ ናዲን ፐርሰል ከእኔ ቤት ሦስተኛው ላይ ነው የምትኖረው፤ ባለቤቴ የሞተች ጊዜ ሁለት ሳምንት ሙሉ ምግብ ያመላለሰችልኝ እሷ ናት። ልጆቹን አድርሳ፣ ስብሰባው እንዳያመልጣት አውቶቡሱን ሳትመልስ በቀጥታ መምጣቷ ማንም ሳይነግረኝ ገብቶኝ ነበር።

ማይክሮፎኑን ይዛ፣ «ክቡር እንደራሴ፣ ባሌ ሎይድ የደም ካንሰር አለበት። መድኃኒቱ የሚሸፈነው እኔ ከሥራዬ በማገኘው የጤና መድን ነው። እንግዲህ እኔ ነገ ሥራዬን ባጣ የእሱ ኪኒን…» ስትል የጣቢያው ካሜራ ወደ እኔ ዞረ። ጮህኩ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ተከተለኝ፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያውቋት ሰዎች ሳይቀሩ «ማነው የከፈለሽ?» አሏት። እሷ ከሁሉ መርጣ እኔን ብቻ አየችኝና ማይክሮፎኑን ወንበር ላይ አስቀምጣ ወጣች። እርስዎም «ይህ ሕዝብ አይታለልም!» ብለው አጨበጨቡልኝ።

ጣቢያው ያቺን ጩኸት ሦስት ቀን ደጋገማት። «አንድ ተራ ዜጋ» ተብዬ ደስ ብሎኝ እንደነበር፣ ቀድቼም እንዳስቀመጥኳት አፍሬ እናገራለሁ። አውቶቡሱ በቴሌቪዥን ስለታየ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ «የትምህርት ቤት ንብረት ለፖለቲካ አውላለች» ብሎ ናዲንን አሰናበታት፤ መድኑም ከሥራው ጋር ሄደ። ሎይድ ዛሬ ኪኒኑን ቀን እየዘለለ ነው የሚውጠው፤ የቀረውም አንድ ብልቃጥ ብቻ ነው። እንዳትጨርሰው ያቋረጥኩባትን ጥያቄ እኔው መለስኩላት ማለት ነው።

እውነቱን እንዲያስተላልፉ ብዬ ወደ ጣቢያው ደወልኩ። አንዲት ትሑት ልጅ፣ «ያ ወሬ አልፎበታል ጌታዬ፤ ሌላ የሚያናድድዎ ነገር ካለ ግን ሁልጊዜ ይደውሉልን» አለችኝ። ስለ መስተንግዶዋ አመሰግናለሁ።

ቀጥዬ ይቅርታ ልጠይቅ ናዲን ቤት ሄድኩ። በሩን ገርበብ አድርጋ ሰማችኝና፣ «አይ ኦርቪል! ስታዋርደኝ በአገር ፊት፣ ይቅርታ ስትለኝ በረንዳ ላይ በሹክሹክታ? ሂድና ጮክ ብለህ በለው፤ ጩኸት እንደሆነ ታውቅበታለህ» አለችኝ። ከውስጥ የሎይድ ድምፅ፣ «አስገቢው እንጂ አንቺ፣ ዳሌውን ብርድ ይመታዋል!» አለ። ከእሷ ቁጣ ይልቅ የእሱ ደግነት አንገቴን አስደፋኝ፤ ሳልገባ ተመለስኩ።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ለወረዳው ጋዜጣም ልኬዋለሁ። ናዲን ፐርሰልን ማንም አልጫናትም፤ ማንም አልከፈላትም። ዋሽቻለሁ፤ የዋሸሁትም እያወቅኩ ነው። ክቡርነትዎ ውሸቱን አዘጋጅተው ስላቀረቡልኝ ባለውለታዬ ነዎት፤ አፉ ግን የእኔ ነበር።

ፎቶግራፍዎን ከዚህ ጋር አባሪ አድርጌ እየመለስኩ፣ «አይታለልም» ካሉት ሕዝብ ቀንሰው ከእንግዲህ ከሚታለሉት ወገን እንዲቆጥሩኝ በትሕትና እየለመንኩ፣ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜና በየቀኑ ሳይዘለል የሚዋጥ መድኃኒት እየተመኘሁ፣

የቀድሞው አንድ ተራ ዜጋ
ኦርቪል ታኬት

ተጨማሪ ማሳሰቢያ፦ በመጪው ወር የመጀመሪያ ሐሙስ በዚያው አዳራሽ ዳግም እንደሚሰበስቡን ማስታወቂያዎን አይቻለሁ። የቤተ ክርስቲያናችንን አውቶቡስ ተውሼ ሠላሳ ሁለት ሰው ጭኜ እመጣለሁ፤ ለቴሌቪዥኖቹ አስቀድመው ይንገሩልኝ፣ በዚህኛው ጊዜ ወሬው እውነት ነው። ይህን ደብዳቤ አስነብቤያት እሺ ብላለች፤ አውቶቡሱን የምትነዳው ናዲን ናት። ጥያቄዋን ገና አልጨረሰችም።