ጭጋጉ እስኪገለጥ

ጥቅምት ፲፬፣ የካ ሚካኤል። ከእንጦጦ ጭጋግ ወርዷል፤ እኔና እማዬ ብቻችንን ነን።

ወንድሜ ከበበ፣ ናፍቆታችን ጅማ ድረስ ይድረስህ። እኛ ደህና ነን።

በእማዬ ፈንታ ለመፈረም ውክልና ስለሚያስፈልገኝ ዛሬ ቢሮ ወሰድኳት። ሠራተኛዋ፣ «እማማ፣ ውክልናውን ለማን ነው የሚሰጡት?» አለቻት።

«ለእህቴ ለጂቱ ነዋ! ይቻትና፣ ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክማ መጣች።»

ጣቷ የጠቆመው ወደ እኔ ነበር። አክስታችን ጂቱን ከቀበርን ስንት ክረምት አለፈ! እኔ ግን ፀጉሬን አሸተትኩ፤ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይል ነበር።

«ሰው በሚለዩበት ቀን ይዘሻቸው ነይ» አለችኝ ሠራተኛዋ።

ለገና እመጣለሁ ያልከውን ለኅዳር ሚካኤል ብታደርገው መልካም ነው።

ይህን ጽፌ አደርኩ። ጠዋት ፊቷን አጠብኩላትና «እኔ ቢፍቱ ነኝ፣ ልጅሽ» አልኳት።

«አንቺ ጂቱ፣ መቼም ቀልድ አይሰለችሽ» ብላ ሳቀች።

ጭጋጉ እስኪገለጥ እጇን ይዤ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ።

በጤና ያገናኘን።
እህትህ ቢፍቱ