ሳላይ «ደህና» ያልኩበት ጠርዝ

የካቲት 3፣ ሰኞ

ብርድ። ሰው ሐዲድ ላይ እንዳይወድቅ በባቡር መሳፈሪያው ጠርዝ የሚተከሉት በሮች ዛሬ መጡ። ነጭ፣ ደረት የሚደርሱ። ጣቢያችን አርጅቷል፣ ሲሚንቶው አይችላቸውም እያሉን ስንት ዓመት አለፈ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ተሳፋሪያችን አቶ ሙራኦካ እዚህ ሐዲዱ ላይ ወድቀው ከሞቱ አሥራ አራት ወራቸው።

የካቲት 9

ጠዋት አንድ ከአርባ ላይ የአቶ ሙራኦካን በትር ሰማሁ። ቶክ፣ ቶክ... ዞርኩ። ማንም የለም። እያበድኩ ይሆን?

የጣቢያው ኃላፊ ደግሞ ይቀልዳል። «ኩሩታኒ፣ ድሮ ድምፅሽ ሁለት ጣቢያ ያልፍ ነበር። ምን ዋጠው?» ሳቅኩለት። ሳቁ ከየት እንደመጣ እንጃ።

የካቲት 17

በሮቹን የሚተክለው መሐንዲስ ኒሺዋኪ፣ «አራተኛው ፉርጎ የሚቆምበት ጋ ሲሚንቶው ፈራርሷል። ሦስት ሳምንት ስጡኝ። እስከዚያ በር በሌለበት ክፍተት ላይ ሰው ይቁም» አለ።

ኃላፊው ወደ እኔ አየ።

«እኔ?»

«ሌላ ማን አለ?»

ከቦታ ሁሉ እዚያ! አቶ ሙራኦካ የወደቁበት! ቆምኩ። በግራ በር፣ በቀኝ በር፣ መሃል እኔ።

የካቲት 18

ለራሴ እንኳ ጽፌው አላውቅም። ልጻፈው።

ባቡር ሊገባ ሲል ጠርዙን እናያለን፣ በጣት እንጠቁማለን፣ ጮክ ብለን «ጠርዙ ደህና!» እንላለን። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲሁ። ያን ቀን ጣቴ ጠቆመ፣ አፌ «ደህና!» አለ... ዓይኔ ግን ደብተሯ የተበተነባት ተማሪ ላይ ነበር። ልማድ! ጣት ብቻውን ይሠራል፣ አፍም ብቻውን።

አቶ ሙራኦካ ዓይነ ስውር ነበሩ። ጠርዙ ላይ ነበሩ። ባቡሩ...

ሪፖርቱ ላይ «አይቻለሁ፣ ማንም አልነበረም» ብዬ ጻፍኩ። አመኑኝ።

የካቲት 26

እንቅልፍ የለም።

መጋቢት 6

የአቶ ሙራኦካ ሚስት መጡ። አበባ ይዘው ክፍተቱ ጋ፣ አጠገቤ ቆሙ። ባቡር ሲገባ አይቼ፣ ጠቁሜ፣ «ጠርዙ ደህና!» ብዬ ጠራሁ። ቀና ብለው አዩኝ።

«ባለድምጿ አንቺ ነሽ?»

«አቤት?»

«ስላንቺ አውርቶ አይጠግብም ነበር። ‹እሷ ጠርዙ ደህና ካለች ጠርዙ ላይ ማንም የለም። እኔም የለሁም ማለት ነው። ያኔ ደፍሬ እራመዳለሁ› ይለኝ ነበር።»

ሰምተውኝ ነው የተራመዱት። እኔን አምነው!

«ወይዘሮ ሙራኦካ... ያን ቀን አላየሁም። ሳላይ ነው የጠራሁት።»

ባቡሩ ሄደ። ሌላ መጣ። እሱም ሄደ። እንዲጮኹብኝ ፈለግሁ። አልጮኹም።

«ይሄን ለሌላ ሰው ተናግረሻል?»

«የለም።»

«እንግዲያው ለብቻዬ አታሸክሚኝ።»

አበባውን እንደያዙ ሄዱ።

መጋቢት 10

የመጨረሻው በር ተተከለ። ኃላፊው ደስ ብሎታል። «በይ እረፊ፣ ከእንግዲህ ክፍተት የለም!»

አዲሱን ሪፖርት ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። የመጀመሪያው መሥመር፦ «አላየሁም።» አነበበ። ደግሞ አነበበ።

«አሁን ማን ጠየቀሽ?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሥራሽን ታጫለሽ። ክስም አለ። ማኅተምሽ ካላረፈበት ወረቀት ብቻ ነው... ውሰጂው፣ አላየሁትም።»

አላየሁትም አለ። እሱም!

በፊርማ ፋንታ የምንመታውን፣ ስሜ ያለበትን ማኅተም ከኪሴ አወጣሁ። ስሜ የሚያርፍበትን ቦታ በደንብ አየሁና መታሁት።