ዘንድሮ የጣፈጠው አረቄ

ጥቅምት 17
ዝናብ። ባሌ ስታመን ከመስከረም ጀምሮ እንደሚያደርገው ጓሮ የፕሪም አረቄ ሲያወጣ ዋለ። ሰፈሩ በሙሉ መጥቶ ቀመሰ። ጎረቤታችን ጋንቾ ከንፈሩን እየላሰ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ስኳር ጨምረህበታል!» ይለዋል። ባሌ ደረቱን ነፋ። «ስኳር የሚጨምር ሌላ ነው። ይሄ የእጅ ነው!» አምና የተቀደደውን የማውጫ ቱቦ ዘንድሮ ራሱ ነው የደፈነው... ይኩራ። ሆዱን ግን ሰሞኑን ይቆርጠዋል። እኔ አልቀመስኩም፤ ሽታው ራሴን ያዞረኛል።

ኅዳር 5
የስታመን ቀኝ እጅ ከአንጓው ተንጠለጠለ። ብርጭቆ ማንሳት አቃተው። እንደ ቀልድ በግራው አነሳ። የመንደሩ ሐኪም፣ «ጨጓራ ነው፣ መጠጥ ቀንስ» ብሎ ሸኘው። ጨጓራ እጅ ያንጠለጥላል እንዴ?

ኅዳር 11
አሥረኛ ክፍል፣ ኬሚስትሪ። ቫሌንስ ኤሌክትሮኖች... ዳር ላይ ያሉት። እንደ ሁልጊዜው አስተማርኩ። ብረቶች ዳር ላይ ያላቸው ጥቂት ነው፣ ቶሎ ይለቃሉ። ብረት ያልሆኑት ሊሞላላቸው ትንሽ ነው የቀራቸው፣ ይነጥቃሉ። ራድካ እጇን አወጣች። ምላሷ ስለታም ነው።

«እትዬ ዝላትካ፣ ካርቦን ዳር ላይ አራት አለው። እርሳስም አራት። ታዲያ እርሳስ ብረት የሆነው በዘመድ ነው?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። «የካርቦን አራቱ አስኳሉ አጠገብ ናቸው፣ ጥብቅ አድርጎ ይዟቸዋል። የእርሳስ ግን ሩቅ ናቸው፣ ላላ ብለው ነው የተያዙት። ሁለቱን ቶሎ ይለቃል። ኮምጠጥ ያለ ነገር ከነካው ይበቃዋል። የሚወጣው ጨው መርዝ ቢሆንም ይጣፍጣ...»

አፌ ላይ ቀረ። ጠመኔው ከእጄ ወደቀ።

ስታመን ቱቦውን በምን ነበር የደፈነው? ከአሮጌ የመኪና ባትሪ ባቀለጠው እርሳስ! ወይኔ ዝላትካ... ወይኔ!

ኅዳር 12
ቱቦውን በመጥረቢያ ሰባበርኩት። አረቄውን በሙሉ መሬት ላይ ደፋሁት። ጋንቾ በአጥር አንገቱን አስግጎ፣ «አበደች! የሰው ላብ ትደፋለች እንዴ?»

«ዝም በል! ሂድ ደምህን ተመርመር!»

ስታመን በር ላይ ቆሞ ያያል።

ታኅሣሥ 8
ዋና ከተማ ሶፊያ ሄደን የደሙን ውጤት ሰማን። እርሳስ ነው። ዶክተሯ መድኃኒት ጀመረችለት፣ ደሙን ይጠርግለታል አለች። አጥንቱስ? ሳትነግረኝም አውቀዋለሁ። አጥንት የሚሠራበት ካልሲየም ሁለት ይለቃል፣ እርሳስም ሁለት። አጥንት ሁለት የጎደለበት እንግዳ ሲመጣ ዘመዴ ብሎ አስገባው። አሁን ማን ያስወጣዋል?

«እጁስ?» አልኳት። ወረቀቷን አገላበጠች።

ጥር 20
በረዶ። ጋንቾ ሻል ብሎታል፣ የጠጣው ጥቂት ነው። የኔው ግን... ዛሬ ሁለቴ በእናቱ ስም ጠራኝ። ሁለቱም እጆቹ ተንጠልጥለዋል። የቦሎቄ ሾርባ በማንኪያ አጎረስኩት። ድንገት ዓይኑ በራ።

«ዝላትካ... የዘንድሮው ጣፋጭ ነበር፣ አይደል?»

ማንኪያውን አስቀመጥኩ።

«በጣም ጣፋጭ ነበር፣ ስታመኔ።»

ደረቱን ነፋ። አገጩ ላይ የፈሰሰውን ጠረግሁለት።