በልብስ ልክ የተመረጠው ማርሽ ባንድ

ሰኔ 3 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ሊቀመንበር
የክፍለ ሀገሩ ተማሪዎች ማርሽ ባንድ አደራጅ ኮሚቴ
አሰበ ተፈሪ

የተከበሩ ጓድ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎ እንደምን ነው? በሐረሩ ሰልፍ ዕለት ከክብር ወንበርዎ ብድግ ብለው በኋላ በር ሲወጡ በዓይኔ ያየሁት ፈጣን እግርዎስ እንደምን ሰነበተ? እኛ፣ ከታሰሩትና ከተዛወሩት በቀር፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

እኔ ዘይቱና በድሪ እባላለሁ፤ በገበያው መንገድ ላይ ባለው የልብስ ስፌት ማኅበር ውስጥ የምሠራና የባንዱን የደንብ ልብስ የሰፋሁ ሴት ነኝ። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ለመዝገብ ቤትዎ አስገብቼ ነበር፤ መጀመሪያ «ጓድ ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልኩ፣ ቀጥሎ «አርዕስት የለውም» ተባልኩ፣ በሦስተኛው «ጠፍቷል» ተባልኩ። አራተኛ ጊዜ የማጥፋት ድካም እንዳይደርስብዎ ብዬ፣ የከተማው ሕዝብ በሙሉ እንዲጠብቅልዎ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለመለጠፍ ተገድጃለሁ። ቆሜ ስለምጽፍ የእጅ ጽሑፌን ይቅር ይበሉኝ። ከሰሞኑ መቀመጥ አልሆነልኝም፤ ስቀመጥ እግሬ ዝም ብሎ ይረግጣል፣ ጨርቅ በሌለበት የስፌት መኪናው ይዞራል።

ቅሬታ የሚለው ቃል ለጆሮዎ እንደሚከብድ ስለማውቅ፣ ምስጋና እያልኩ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ባንዱን ስላቋቋሙልን እናመሰግናለን። ይህን ያለ ምጸት ነው የምለው። ባለፈው ጥቅምት አርባ ስምንት ተማሪዎች ከሂርና፣ ከገለምሶ፣ ከቦኬና ከዚሁ ከከተማችን ተሰብስበው፣ የክፍለ ሀገሩ የተማሪዎች ማርሽ ባንድ ተብለው፣ ግንቦት ላይ ሐረር በሚደረገው በዓል እንዲሰለፉ ሲወሰን ደስታችን ልክ አልነበረውም። አስተማሪዎቹንም የመረጡት እርስዎ ነዎት። አንደኛው ሃያ ስድስት ዓመት በጦር ሠራዊት ባንድ ውስጥ ጥሩምባ የነፉት ጡረተኛው አሥር አለቃ ገመዳ ቢራቱ ሲሆኑ፣ ሁለተኛዋ ከገለምሶ ቅዳሜ ቅዳሜ በጭነት መኪና እየተሳፈረች የምትመጣው የከበሮዋ መምህርት ኮከቤ ነበረች። እነዚህ ሁለት ሰዎች ልጆቹን የመረጡት በጆሮ ነው። አሥር አለቃ አንዱን ልጅ ያስጨበጭቡታል፣ ያፏጩታል፣ ከንፈሩን ያዩታል፤ ኮከቤ ደግሞ ዓይኑን አስጨፍና ጠረጴዛ እየደበደበች «ድገመው» ትለዋለች። የእኔዋ ረዲያ በአሥራ አራት ዓመቷ ከትከሻዬ የማትደርስ ልጅ ስትሆን፣ የመጀመሪያዋ ጥሩምባ ነፊ ተብላ ተመረጠች። በጥር ወር አንድ ቀን ስትለማመድ፣ እንጨት ጭነው የሚያልፉ ሴቶች ሸክማቸውን ሳያወርዱ ቆመው ሲሰሟት አይቻለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ልብሱ አመሰግናለሁ። በየካቲት ቢሮዎ አስጠርተውኝ አርባ ስምንት ኮትና ሱሪ እንድቆርጥ ሲያዙኝ፣ ልጆቹን ልለካ ወይ ብዬ ብጠይቅ፣ «አያስፈልግም፤ የአብዮቱ ወጣት አንድ ነው» አሉና በር ላይ የቆመውን ዘበኛ ጠርተው እሱን አስለኩኝ። ዘበኛው፣ አላህ ይጠብቀውና፣ የስልክ እንጨት የሚያህል ሰው ነው። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት አልደብቅም። ልጆቹን ሁሉ አውቃቸዋለሁ፤ አንዷን ወልጃታለሁ። መቀሱን ሳነሳ እጄ አውቆ ነበር፤ አፌ ግን «እሺ ጓድ» አለ። አርባ ስምንቱንም በዘበኛው ልክ ቆረጥኩ።

ሦስተኛ፣ በመጋቢት ልብሱ ሲለካ፣ ከአርባ ስምንቱ ሠላሳ አንዱ እጃቸው እጅጌው ውስጥ፣ እግራቸው ሱሪው ውስጥ ጠፍቶ ስናገኛቸው፣ ሁለት ቀን ቢሰጡኝ አሳጥረዋለሁ ብዬ መለመኔን ያስታውሳሉ። እርስዎ ግን ልብሱ በንብረት መዝገብ የገባ ስለሆነ መቀስ አይነካውም አሉ። ስለዚህ ልብሱን በልጆቹ ልክ ከማድረግ ይልቅ ልጆቹን በልብሱ ልክ ለማድረግ ወሰኑ። ሠላሳ አንዱ ተባርረው፣ በምትካቸው ሠላሳ አንድ ረጃጅም ልጆች ከመረብ ኳስ ሜዳና ከእግር ኳስ ቡድን ተለቅመው መጡ። ከነባሮቹ የቀሩት አሥራ ሰባቱ፣ ትልልቁን ከበሮና ከባዱን የነሐስ ቱባ ይሸከማሉ ተብለው በፊቱኑም በጉልበታቸው የተመረጡት ነበሩ። አሥር አለቃ ገመዳ ቆባቸውን አውልቀው «ጓድ፣ ጥሩምባ በቁመት አይነፋም» ሲሉ እኔ መርፌ በአፌ ይዤ ከአጠገባቸው ነበርኩ። «ስድስት ሳምንት አለህ፣ አስነፋ» አሏቸው፤ የስልሳ ሁለት ዓመት ሰው «አንተ» ብለው።

ረዲያ የዚያን ዕለት ቤት ገብታ አላለቀሰችም። ዱላ ከበሩ ጀርባ አቁማ ራሷን ስትለካ አገኘኋት። «እማ፣ በስድስት ሳምንት ስንት ጣት ማደግ ይቻላል?» አለችኝ። ምን ልበላት? ማል ጎና፣ ምን እናድርግ፣ ጓድ?

አራተኛ፣ አስተማሪዎቹ ስላገኙት መላ ነው፤ መላውን እርስዎም «ጎበዞች!» ብለው በደስታ ስለተቀበሉት ምስጋናው የጋራችን ነው። ረጃጅሞቹ አዲሱንና የሚያብረቀርቀውን መሣሪያ ይዘው ጉንጫቸውን እየነፉ እንዲሰለፉ፣ ሠላሳ አንዱ ትንንሾች ደግሞ አሥር አለቃ ከቀድሞ ጓደኞቻቸው በለመኑት በተጣመመና በሽቦ በታሰረ መሣሪያ ከመድረኩ ጀርባ ተደብቀው እንዲነፉ ተስማማችሁ። አሥር አለቃ ይህን ሲያስተምሩ ፊታቸው የሌባ ፊት ይመስል ነበር። ቢሆንም ልጆቹ ሐረር ይሄዳሉ፣ ድምፃቸው ይሰማል ብለው ዋጡት።

ግንቦት 9 ቀን ጎህ ሲቀድ ተነሳን። አውቶቡሱ ውስጥ ባለ ልብሶቹ፣ መምህርት ኮከቤና ለሚበጠስ ቁልፍ መርፌና ክር የያዝኩት እኔ ነበርን። ከኋላችን በጭነት መኪና ሠላሳ አንዱ ልጆች ከአሥር አለቃ ጋር ተከተሉ። የይለፍ ወረቀቱን የጻፉት እርስዎ ሲሆኑ፣ በወረቀቱ ላይ የሰፈረው የአርባ ስምንቱ ባለ ልብሶች፣ የኮከቤና የእኔ ስም ብቻ ነበር፤ ይኸውም በአውቶቡስ የሄድነው። ከሂርና ወዲያ ካለው ኬላ እኛ አለፍን፣ እነሱ ተያዙ። ቀጥሎ የሆነውን ረዲያ ነግራኛለች።

ወታደሩ «እነዚህ የማን ልጆች ናቸው?» አለ።

«የባንዱ ናቸው» አሉ አሥር አለቃ።

«ባንዱ እኮ አልፏል!»

እውነቱም እንደሱ ነበር። አሥር አለቃ እስከ ቀትር ለመኑ፣ አስለመኑ። ሰዓቱ ማለፉ ሲታወቅ ልጆቹ መላወስ፣ ትንንሾቹም ማልቀስ ጀመሩ። ያኔ አሥር አለቃ ገመዳ ልጆቹን ከመኪና አውርደው በአስፋልቱ ዳር በሁለት ረድፍ አሰለፏቸው፣ ቆባቸውን አስተካክለው እጃቸውን አነሱ። ለሐረር የተዘጋጀው በሙሉ፣ ከመጀመሪያው ሰልፍ እስከ መጨረሻው፣ እዚያ ተጫወቱት። የጭነት መኪና ሾፌሮች ሞተር አጠፉ። የጫት ነጋዴዎች እስራቸውን ጥለው መጡ፤ አንዲት ሴት «ኢጆሌ ኬኛ! ልጆቻችን ናቸው!» እያለች የማታውቃቸውን ልጆች ላብ በነጠላዋ ትጠርግ ነበር። ወታደሩ ጠመንጃውን ወደ ግራ ትከሻው አዛውሮ በእግሩ ምት ይመታ ነበር አሉ። ሲያበቁ ወደ አሥር አለቃ ቀረብ ብሎ «አሁን አመንኩ፤ ወረቀቱ ግን የለም» አላቸው። ሕግ አክባሪ ልጅ ነው፤ አልቀየመውም።

እኛ ሐረር ምን እንደሆንን ደግሞ እርስዎ ከእኔ በተሻለ ቦታ ተቀምጠው አይተዋል። መምህርት ኮከቤ መኪናውን እየጠበቀች አሥር ጊዜ ወደ በር ሮጠች። ከዚያ «ግቡ» ተባለ፣ ገባን። ከበሮው ይመታል፣ ቱባው «ቡም» ይላል፣ ዜማ የለም። ሠላሳ አንድ ጉንጭ ተነፍቶ የሚወጣ ነገር የለም። ከሕዝቡ መካከል ከወደ ግራ በኩል ሳቅ ተነሳ። የሂርና እግር ኳስ ቡድን በረኛ የነበረው አብዱልቃዲር፣ ከፊት የነበረው፣ ሳቁ ሲበዛበት ደንግጦ እውነት ነፋው። የወጣውን ድምፅ አልገልጸውም። እርስዎም ያን ጊዜ ነው የተነሱት።

አምስተኛ… ቁጥሩን እዚህ ላይ ብተወው ይሻላል፤ ከዚህ በኋላ ያለው በቁጥር አይሄድም።

በሁለተኛው ቀን «የአሻጥር ሥራ» የሚል ሪፖርት ጻፉ። አሥር አለቃ ገመዳ ታሰሩ። መምህርት ኮከቤ ከቦኬ ወዲያ መኪና ወደማይደርስበት ትምህርት ቤት ተዛወረች፤ ከበሮ መምቻዎቿን ለረዲያ ትታላት ሄደች። በሳምንቱ እኔን ቢሮዎ አስጠሩኝና በታይፕ የተጻፈ ቃል አቀረቡልኝ፤ «የልብሱን ልክ የሰጡኝ አሥር አለቃ ገመዳ ናቸው» ይላል። ብዕሩን ራስዎ ከፍተው ሰጡኝ። «ዘይቱና፣ አንቺ ብልህ ሴት ነሽ። የማኅበራችሁ ፈቃድ የሚታደሰው ሰኔ ላይ አይደል?» አሉኝ። ስላስታወሱኝ አመሰግናለሁ፣ አዎን ሰኔ ላይ ነው።

አልፈረምኩም። እምቢም አላልኩም። «ላስብበት» ብዬ ወጣሁ።

ረዲያ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ፈረምሽ?» አለች። አልፈረምኩም አልኳት። «እምቢ አልሽ?» አለች። «ላስብበት ነው ያልኩት» አልኳት። ልጅቷ ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ ሳቀርብላት «ላስብበት» ትለኛለች።

እስከዚህ ያለውን ለሰሌዳው እንደገና የጻፍኩት ትናንት ነበር። ዛሬ ጠዋት ልለጥፈው ስወጣ፣ ከፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ሰባ ያህል ልጆች ቆመው አየሁ፤ ትንንሾቹም ረጃጅሞቹም፣ ከሂርና በመጀመሪያው መኪና የመጡም ነበሩባቸው። ማንም አልጠራቸውም። አብዱልቃዲር ለጣቢያው አዛዥ እንዲህ ይል ነበር፦ «ጓድ አዛዥ፣ እኔ ጥሩምባ መንፋት አልችልም። ከመረጡኝ ጀምሮ ትችላለህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። አሥር አለቃ ብቻ ጠየቁኝ፤ አልችልም ስላቸው ‹አይዞህ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም› አሉኝ። እሳቸው አሻጥረኛ ከሆኑ እኔንም እሰሩኝ።» አዛዡ ሪፖርትዎን አስወጥቶ እንደገና አነበበው። ከዚያ «ልኩን ማን ሰጠ?» ብሎ ጠየቀ።

ሰባ ልጅ ዞሮ እኔን አየ፤ ረዲያ ግን መሬት መሬት ታይ ነበር።

«ሊቀመንበሩ ናቸው» አልኩ። «በዘበኛው ልክ ነው የቆረጥኩት። ዘበኛውንም ጠይቁት።» ቃሌ ተጻፈ፣ ፈረምኩ። አሥር አለቃ ገመዳ በሃያ ሦስተኛው ቀን በእኔ ዋስትና ተፈቱ። ከስተዋል፤ ጢማቸው ነጭ ሆኗል። ልጆቹን ሲያዩ ግንባራቸውን ቋጥረው «ማን ነው ልምምድ ያቋረጠው?» ብለው ተቆጡ፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ረዲያ ቤት ስንደርስ ሳልጠራት ምሳ በላች።

ጉዳዩ ገና አላለቀም። ማክሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት እርስዎም ጭምር ሁላችንም በጣቢያው አዛዥ ፊት ቀርበን እንሰማለን። የመምህርት ኮከቤን ዝውውር የሚሰርዝ ደብዳቤ ይዘው ቢመጡ የከተማው ምስጋና ወደር አይኖረውም፤ የማኅበሬን ፈቃድ በተመለከተ ግን የጀመሩትን ሐሳብ በእኔ ምክንያት እንዳያቋርጡት አደራ እላለሁ፤ መርፌዬን ይዤ በረንዳ ላይ ብቀመጥም ሰው ይለብሳል።

ለትዕግሥትዎ፣ ለዘበኛዎ ቁመትና እስከ ማክሰኞ ለሚቆየው ወንበርዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት በድጋሚ እየገለጽኩ፣ አብዮታዊ ሰላምታዬ ይድረስዎ።

ዘይቱና በድሪ
የልብስ ስፌት ሠራተኛ፣ የረዲያ እናት፣ የአሥር አለቃ ገመዳ ዋስ

ማሳሰቢያ፦ ሠላሳ አንዱ ረጃጅም ልጆች አሁን ከልባቸው መማር እንፈልጋለን ስላሉ፣ አሥር አለቃ ከነገ ጀምሮ ከሀ ሊያስጀምሯቸው ተስማምተዋል። የልምምድ ሜዳው በእርስዎ ትእዛዝ ስለተቆለፈ፣ ክፍት ሆኖ ያገኘነው ቦታ ከቢሮዎ መስኮት ሥር ያለው ግቢ ብቻ ነው። ጀማሪ ጥሩምባ በመጀመሪያዎቹ ወራት ለጆሮ እንደማይመች እናት ነኝና አውቃለሁ፤ ሆኖም በየቀኑ ከሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው።