ክዳኑ ላይ ያለው ቀይ ነጥብ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6
ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ። የላብራቶሪው ሳምንታዊ ስብሰባ። ሻይ፣ ቦንቦሊኖ፣ እንደወትሮው። አለቃችን ዶክተር ፀሐዬ ስላይድ ከፈተ... (በዚህ ደብተር ለእሱ አንቱታ የለም።) ፕሌቶቼ! ከልጆች ጉሮሮ የወሰድኩትን ባክቴሪያ ደም በተቀላቀለበት ምግብ ያሳደግሁባቸው ትንንሽ ሳህኖች። ክዳናቸው ላይ የኔው ቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ። «ያጠናሁት» ይላል። ስምንት ወር የለፋሁበትን? ስሜን ፈለግሁ። የመጨረሻው ስላይድ ላይ፣ «ለላብራቶሪ ሠራተኞች ምስጋና።» የጀመርኩትን ቦንቦሊኖ ሳህኑ ላይ መለስኩት።

ዓርብ፣ 7
ቢሮው ገባሁ።
«ሐዊዬ፣ ገና ልጅ ነሽ። ስም ይደርሳል።»
«ለእርስዎ ደርሶ የለ እንዴ፣ ዶክተር? የኔን ምን ያደርግልዎታል?»
«ድምፅሽን ቀንሺ!»
አልቀነስኩም። ዕቃ የሚያጥቡት እትዬ ምብራት ኮሪደር ላይ ያዙኝ። «እሰይ የኔ ልጅ! ቧንቧውን ዘግቼ ነው የሰማሁሽ።» ከት ብዬ ሳቅሁ። በእንባዬ መሃል።

ቅዳሜ፣ 8
ፒያሳ። ማኪያቶ ጠጣሁ። አዲስ የጥፍር ቀለም ገዛሁ። ያው ቀይ።

ማክሰኞ፣ 11
የዘረ-መል ውጤቱ መጣ! አንድ ዴስክ የሚጋሩ ሁለት ልጆች... በዓይን ሲታይ የሁለቱም ያው ጉሮሮ የሚያሳምመው ባክቴሪያ፣ ስትሬፕቶኮከስ ነው። ውስጡ ግን ሌላ። የአንደኛው ባክቴሪያ መድኃኒቱን እየገፋ ያስወጣል። የሌላኛው ደግሞ መድኃኒቱ የሚይዝበትን ቦታ ቀይሮ ይጠብቀዋል። አራዳ! ፔኒሲሊን አሁንም ሁሉንም ይገድላል፣ ተመስገን። ኤሪትሮማይሲን የሚባለው መድኃኒት ግን ዘጠኝ ናሙናዎችን አልነካቸውም። ዘጠኙም ባለቀይ ነጥብ። ነጥቡን ያደረግሁት እኛ ጋ ሳይመጡ በፊት ከጎረቤት የተረፈ ክኒን የዋጡ ልጆች ናሙና ላይ ነው። ቅጹ ይህን አይጠይቅም። እናቶቹ ወረፋ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ለኔ ነው የነገሩኝ።
ውጤቱን ለዶክተር አስረከብኩ። ስለ ነጥቡ አልጠየቀኝም። እኔስ ለምን ልንገረው?

ሰኞ፣ 17
ሥላሴ አካባቢ፣ የባለሙያዎች ጉባኤ። ከኋላ ተቀመጥኩ። ዶክተር ጥናቱን አቀረበ። ፕሮፌሰር ረይሀና፣ ሽበታቸው እንደ ጥጥ የነጣ እንግዳ፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣
«ቀዩ ነጥብ ምንድን ነው?»
«እ... ባክቴሪያው ደሙን ያሟሟበት ነው።»
«ክዳኑ ላይ ወጥቶ?»
አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ተነሳሁ።
«የኔ የጥፍር ቀለም ነው፣ ፕሮፌሰር። ማርከር በአልኮል ይለቃል።» ጣቶቼን አሳየሁ። ስለ ክኒኑ፣ ስለ ዘጠኙ፣ ሁሉንም ተናገርኩ።
«ስምሽ?»
«ሐዊ ካሳዬ።»
«ጻፈው እንጂ፣ ፀሐዬ!»
አስተማሪው ነበሩ ለካ።

ሐሙስ፣ 20
ስሜ ከጥናቱ አናት ላይ ነው። ሦስቴ አየሁት። «ያው የጋራ ሥራችን ነው» አለኝ ዶክተር። «እንግዲያው ስማችንም የጋራ ይሁን» አልኩት። ቅጹ ላይ አዲስ ጥያቄ አስገባሁ፦ «ልጅዎ ከመምጣቱ በፊት ምን ክኒን ወሰደ?»
እትዬ ምብራት ጓንታቸውን አውልቀው ጣታቸውን ዘረጉልኝ። ቀባኋቸው። አሥሩንም።
«ይደርሳል» የሚባል ነገር ከእንግዲህ አልቀበልም። የጅምላ ምስጋናም አልቀበልም። ስሜ ያልተጻፈበት ፕሌት ከእጄ አይወጣም።