አራት ዓሣ በሰው

ማክ. መጋቢት 2፣ ጠዋት 1፡00

ካንዴላውን አወጣሁ፣ ፋቅሁ፣ መለስኩ። ሞተሩ አሁንም ያስለዋል። እኔንም ያስለኛል። ሁለታችንም ቆቃ ሐይቅ ላይ አርጅተናል።

ዛሬ ሰው የለኝም። ጎብኚ የሚመጣው ቅዳሜና እሑድ ነው፤ በሥራ ቀን ጀልባዬ ታስራ ትውላለች። የመረብ ሰዎቹ ግን ከነጋ ጀምሮ እየገቡ ነው። ቱፋ ከሩቅ እጁን አነሳልኝ። የባለቤቴ የጫልቱ ታላቅ ወንድም ነው፤ መረብ መጣል ያስተማረኝም እሱ ነው። ጀልባ ገዝቼ ከአዳማ የሚመጣውን ሰው በመንጠቆ ላስጠምድ ስል አልተቆጣም። ወገቤን እንደሚያመኝ ያውቃል።

ከዓሣ ሀብት ጽ/ቤት ተደወለ። ዓሣው እየመነመነ ስለሆነ በዚህ ወቅት ከሐይቁ የሚወጣው ተወስኗል። የቀረው ለመረብ ስንት፣ ለጎብኚ ጀልባ ስንት የሚለው ነው። ከአከፋፋዮቹ አንዱ እኔ ነኝ። ሁለቱም ወገን ተስማምቶብኛል። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲያዘምሙ ምን እንደሚደረግ የነገረኝ የለም።

ሐሙስ መጋቢት 4፣ ማታ

ስብሰባ። ዓሣ ማራገፊያው ጥላ ሥር። ሦስት ሰዓት የተባለው አምስት ሰዓት ተጀመረ። የጀልባ ባለቤቶቹ እንግዳ ዓሣ ካልያዘ ተመልሶ አይመጣም ይላሉ። የመረቦቹ ደግሞ ጾም ነው፣ አዳማ ዓሣ ዓሣ የምትለው አሁን ነው፣ ከፋሲካ በኋላ ማን ይገዛናል ይላሉ። ሁሉም ልክ ነው። ልክ የሆነ ሰው ሲደራረብ ማዳመጥ እንዴት ያደክማል።

የጽ/ቤቱ ባለሙያ ሰናይት ገና ልጅ ናት፤ ግን ሰው ንግግሩን እስኪጨርስ ትጠብቃለች። የመረቡ ድርሻ በኪ.ግ. ተመደበ፤ ማራገፊያው ላይ ሚዛን አለ። ጀልባ ላይ ሚዛን የለም። እጄን አወጣሁ። ለአንድ እንግዳ አራት ዓሣ፣ ከዚያ በላይ የለም፣ አልኩ። ቀላል ነው፣ ሕፃንም ይቆጥረዋል። ተጨበጨበልኝ። ቱፋ ብቻ ማነው የሚቆጥረው ብሎ ጠየቀ። እኔ አልኩ። ሳቀና ተስማማ።

ጫልቱ ከወንድሜ ሳታጣላኝ ጨረስከው ወይ አለችኝ። ጨረስኩት። ደስ ብሎኛል፤ ማስታወሻዬ፣ እንዲህ ብዬህ አላውቅም መሰለኝ።

ቅዳሜ መጋቢት 6፣ ማታ

ደክሞኛል። በአጭሩ።

ከአዳማ የአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች ጫንኩ። ጥሩ ሰዎች ናቸው። አለቃቸው አባቴ ይለኛል፤ በዕድሜ እንኳ ብዙ አንበላለጥም። ቆሮሶ ዓሣው መንጠቆውን እየነከሰ ነው፤ ፀሐይ ሳይከር ሁሉም አራት አራቱን ያዘ። እንመለስ አልኩ። አለቃው ባልዲውን አየ፣ አየ፣ ትንሿን አንስቶ ወደ ውሃው ወረወረና መንጠቆውን መልሶ ጣለ። አሁን ሦስት ነው ያለኝ፣ አባቴ፣ አለ። ትልቅ ያዘ። ሌላ ትንሽ ወረወረ። የቀሩትም ተከተሉት። ባልዲ ውስጥ ሲታሽ የቆየ ዓሣ ደግሞ ተመልሶ አይዋኝም፤ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል።

ስንመለስ ቆጠርኩ። በሰው አራት። አንድም አልበለጠም። ደንቡ የኔ ነው፣ ደንቡም አልተጣሰም። ምን ልበላቸው?

በሌሎቹም ጀልባዎች እንዲሁ ተውሏል። ባለቤቶቹ ሲሳሳቁበት ሰማሁ።

እሑድ መጋቢት 7፣ ከሰዓት

ነፋሱ ሌሊቱን ወደ ማራገፊያው ዞሮ አደረ። የተወረወረው ሁሉ መጥቶ መረብ የሚሰጣበት ዳርቻ ላይ ተዘርሯል። መዳፍ የማይሞላ ቆሮሶ። ዓሣ ለቃሚዎቹ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ ጠግበው ቆመዋል።

ቱፋ ጎንበስ ብሎ አንዷን አነሳ። አፏን በአውራ ጣቱ ከፈተ። መንጠቆ የቀደደውን አየ። እኔን አየኝ። ከዚያ ዓሣዋን ለአባ ኮዳ ጣለለትና ወደ መረቡ ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬም እንግዳ ጫንኩ። የያዛችሁትን መልሶ መጣል ክልክል ነው አልኳቸው። የት ተጽፏል አሉኝ። የትም።

ማክ. መጋቢት 9፣ ከሰዓት

አንድ ሰው ስለሞተው ዓሣ ደውሎላት ሰናይት መጣች። ዓሣው ሸቷል፣ አፉም ፈራርሷል፤ መንጠቆ ይሁን ሌላ አይለይም። መረብ ከሚሰጣበት አጠገብ ትንንሽ ዓሣ ሞቶ ያየ ሰው ምን ይላል? ዐይነ ጠባብ፣ የተከለከለው መረብ ነው አለች። በሷ ቦታ ብሆን እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

ቱፋን ጠየቀችው፤ የመረቦቹ ሰብሳቢ ነው። አሁን ይናገራል ብዬ መሬት መሬት አየሁ። ቱፋ "የኛ ሊሆን ይችላል፣ ልጄ። እንፈትሻለን" አላት። በቃ። ወደኔ ዞርም አላለ።

ጉዳዩ እስኪጣራ መረብ ይታገድ አይታገድ የሚለው ሐሙስ ይወሰናል። በጾም መሐል ከታገደ ቱፋ ቤት ዓመቱን ሙሉ ችግር ነው። የጀልባ ባለቤቶቹ ድርሻው ወደኛ ይዞራል ብለው ከአሁኑ ደስ ብሏቸዋል። አንዱ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እጁን ልጠመዝዘው ምንም አልቀረኝ።

ረቡዕ መጋቢት 10፣ ማታ

በራሴም በቱፋም ተናድጄ ቤቱ ሄድኩ። ሚስቱ ሽሮ አቀረበች። በላን። ስለ ነገሩ አንድ ቃል አልተነሳም። ለምን አልተናገርክም ልለው አፌን በከፈትኩ ቁጥር ስለ ሞተሬ ይጠይቀኛል። ካንዴላው እንዴት ሆነ፣ ዘይቱን ቀየርክ ወይ። ሲሸኘኝ በር ላይ ቆሞ ጫልቱ እንዴት ናት አለኝ። ትናንት አይቷታል እኮ። ያኔ ገባኝ። የእህቱን ባል በሰው ፊት አያዋርድም፤ ቢራብም አያዋርድም።

ቤት ገብቼ ለጫልቱ ሁሉንም ነገርኳት። ትጮሃለች ብዬ ነበር። ወንድሜ ለኔ ብሎ ልጆቹን ያስርባል፤ አንተ ለማን ብለህ ነው ዝም የምትለው፣ አለችኝ። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ሐሙስ መጋቢት 11፣ ጠዋት 2፡00

እንቅልፍ አልወሰደኝም። ወስኛለሁ።

የሞተው ዓሣ ከጀልባዎቹ ነው፣ ከኔም ጀልባ ነው እላለሁ። አራት ማለት መጀመሪያ የወጡት አራት ናቸው፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፤ ከዚያ መንጠቆ ይሰብሰብ እላለሁ። የወረወርነውም ከኛ ድርሻ ይቀነስ። ይህ ከተቀነሰ እስከ ፋሲካ የሚተርፈን ያለ አይመስለኝም። ጀልባዋ ታስራ ትከርማለች። የጀልባ ባለቤቶቹ ከዛሬ በኋላ ሰላምታዬን ይመልሱ እንደሆነ እንጃ። ቱፋ መረብ ላይ ቦታ ይሰጠኝ ይሆናል፤ ወገቤ ይችል እንደሆነም እንጃ። ገና ሳልሄድ ደከመኝ።

ለቱፋ አስቀድሜ አልነገርኩትም። ብነግረው ተው ይለኛል። ተው ካለኝ ደግሞ እተዋለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ።

ጫልቱ ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ቆማለች። አብሬህ እሄዳለሁ ትላለች። የዓሣ ስብሰባ ረግጣ አታውቅም። ቅሪ አልኳት፣ ፀሐይ አለ፣ ይረዝማል። ጫማዋን አጠለቀች። እሷ ከወንድሟ ጎን ከተቀመጠች በኋላ እኔ ወደ ኋላ ማለት አልችልም።